የዊንግ የማንሳት አቅም ስንት ይሁን? በቴክኒካል ዳይቪንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአንድ የአየር ሲሊንደር ወደ መንታ ሲሊንደር የሚሸጋገር ጠላቂ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ስንት ኪሎ የሚያነሳ ዊንግ ልግዛ?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው መልሱን ጓደኛው ከገዛው ዕቃ ላይ ነው የሚቀዳው። የጓደኛችሁ ሲሊንደር፣ ልብስና እርሳስ (ለመስመጥ የሚታጠቁት ከባድ ብረት) ግን የእናንተ አይደለም። እዚህ ጋ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልኝ ናቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ ትንሽ ሂሳብ አለው።

የማንሳት አቅም ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ዊንግ ጀርባችሁ ላይ፣ በባክፕሌቱ (ጀርባ ላይ በሚታዘለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ) እና በሲሊንደሩ መሀል የሚታሰር የአየር ከረጢት ነው። ሲነፋ ውሃ ይገፋል። የገፋውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ያነሳል። አርኪሜዲስ ከ2200 ዓመት በፊት ያለው ይኸው ነው፤ እስካሁን የጨመረበት የለም።

1 ሊትር የሐይቅ ውሃ 1 ኪሎ ነው። የባህር ውሃ ትንሽ ይከብዳል፣ 1.025 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ 18 ኪሎ ያነሳል የተባለ ዊንግ ጥርቅም ብሎ ሲሞላ 18 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል ማለት ነው።

ዕቃው ላይ ቁጥሩ በፓውንድ ወይም በኒውተን ተጽፎ ብታገኙ አትደናገጡ። ፓውንዱን ለ2.2፣ ኒውተኑን ለ10 አካፍሉ። 40 ፓውንድ 18 ኪሎ ነው። 60 ፓውንድ 27 ኪሎ ነው።

ወደ ጥልቀት ስወርድ አቅሙ ይቀንሳል?

አይቀንስም። 18 ሊትር ሆኖ የተነፋ ዊንግ 10 ሜትር ላይም 60 ሜትር ላይም የሚገፋው ያንኑ 18 ሊትር ውሃ ነው። የሚለየው እሱን ለመሙላት የሚፈጀው ጋዝ ነው። 60 ሜትር ላይ ግፊቱ 7 ባር ነው፣ ውሃው ገጽ ላይ ካለው ሰባት እጥፍ። ስለዚህ ዊንጉን ለመሙላት፣ ውሃው ገጽ ላይ ቢለካ 126 ሊትር የሚሆን ጋዝ ከሲሊንደራችሁ ይወጣል። ያ ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ ስትመጡ መልሶ ይለጠጣል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ትልቁን ገዝቼ ለምን አልገላገልም?

ማር ሲበዛ ይመራል። እኔ ስጀምር የሸጠልኝ ሰው «ትልቁን ውሰድ፣ አትጸጸትም» አለኝ። ወሰድኩ። ተጸጸትኩ።

ዊንጉ ለመሸከም ከታሰበው በላይ ሰፊ ሲሆን ጎንና ጎኑ ታጥፎ ሲሊንደሩን ያቅፈዋል። ጋዙ እጥፋቱ ውስጥ ይሸጎጣል። የማስተንፈሻ ቱቦውን ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ትንሽ ፉስ ይልና ያቆማል። «ባዶ ነው» ትላላችሁ። ባዶ አይደለም። 6 ሜትር የዴኮ ማረፊያ ላይ (ሰውነት ውስጥ የሟሟው ጋዝ እንዲወጣ ወደ ላይ ሲመጡ የሚቆሙበት ጥልቀት) ቆማችሁ አንድ ሜትር ከፍ ስትሉ የተሸጎጠው ጋዝ ይለጠጣል፣ ከዚያ ሌላ ሜትር ይጎትታችኋል። ሽቅብ ተያይዛችሁት የሄዳችሁት መሆኑን የምታውቁት ኮምፒውተሩ ሲጮህ ነው። እኔ ያወቅኩት እንደዛ ነው።

ሌላም አለ። ዊንጉን የሚነፋው ቁልፍ፣ ኢንፍሌተሩ፣ ተጣብቆ አልዘጋ ቢል፣ 18 ሊትር ዊንግ ከ18 ኪሎ በላይ ሊጎትታችሁ አይችልም። ትርፉን የግፊት ማስተንፈሻው ያወጣዋል። 45 ሊትር የሚይዝ ዊንግ ግን ለመሙላት ብዙ ቦታ አለው፤ ሲሞላ ደግሞ አያድርስ ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ጨርቅ ውሃ ይይዛል። ውሃ የያዘውን ደግሞ በእግራችሁ ጉልበት ትከፍሉታላችሁ።

እርግጥ በ20 እና በ23 ኪሎ መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። የምናገረው ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ስለሆነ ዊንግ ነው።

ስሌቱ እንዴት ነው?

ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ትመልሳላችሁ። ከዚያ ትልቁን መልስ ትወስዳላችሁ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ጠልቆው ሲጀመር፣ ታች ላይ፣ ምን ያህል ከብጄ ነው የምገኘው? እርሳሳችሁ በትክክል ከተለካ፣ መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል፣ ማረፊያው ላይ ዊንጉ ባዶ ሆኖ ሳትወጡም ሳትወርዱም ትቆማላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የምትከብዱት በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ገና ያልተነፈሳችሁት ጋዝ ነው። ሌላው ልብሳችሁ ታች ሲጨመቅ ያጣው የመንሳፈፍ ኃይል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዕቃው ሁሉ፣ ሲሊንደሮቹ ሙሉ ሆነው፣ እኔ ሳልኖርበት ብቻውን ይንሳፈፋል? ጀልባ አጠገብ ዕቃውን ውሃ ውስጥ አውልቃችሁ ለሰው የምትሰጡበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ሰምጦ እንዲቀር አትፈልጉም።

በቁጥር እንየው። መንታ 12 ሊትር የብረት ሲሊንደር አላችሁ እንበል፣ 200 ባር አየር የተሞላ። በጎን ሁለት 11 ሊትር የአሉሚኒየም ስቴጅ (በጎን የሚንጠለጠል ተጨማሪ ሲሊንደር)፣ እነሱም 200 ባር። የለበሳችሁት 7 ሚሊ ሜትር ዌት ሱት ነው፤ ውሃ የሚያስገባ፣ አረፋ ካለው ጎማ (ኒዮፕሪን) የተሠራ የመጥለቂያ ልብስ። ጥልቀቱ 40 ሜትር።

መንታው 24 ሊትር በ200 ባር፣ 4800 ሊትር ጋዝ ነው። ጋዝ አይከብድም የሚል ካለ ሚዛን ላይ ያውጣው፤ 1 ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 5.8 ኪሎ። ስቴጆቹ 4400 ሊትር ይይዛሉ፣ 5.3 ኪሎ። ድምሩ 11.1 ኪሎ ጋዝ። ዌት ሱቱ ከማረፊያው እስከ 40 ሜትር ሌላ 4 ኪሎ ያጣል እንበል። መልስ አንድ፣ 15 ኪሎ ገደማ።

አሁን ሁለተኛው። መንታው ከነማኒፎልዱ (ሁለቱን ሲሊንደሮች ከሚያገናኘው ቧንቧ ጋር) ሙሉ ሆኖ ውሃ ውስጥ 9.5 ኪሎ ወደ ታች ይጎትታል እንበል። የብረት ባክፕሌቱ 2.3፣ ሬጉሌተሮቹ (መተንፈሻዎቹ) እና መብራቱ 2፣ ሁለቱ ስቴጆች ከነሬጉሌተራቸው 3። መልስ ሁለት፣ 16.8 ኪሎ።

ትልቁ 16.8 ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ መተማመኛ ጨምሩበት፤ 20 ኪሎ አካባቢ የሚያነሳ ዊንግ ይበቃችኋል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሁለቱን ደምሮ 32 ይላል። አይደመሩም! የጋዙ ክብደት መጀመሪያውኑ በሙሉ ሲሊንደሩ ክብደት ውስጥ አለ። ሁለቴ መቁጠር ነው። ያን ሁሉ ግዙፍ ዊንግ የሚያሸጠው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እነዚህን ቁጥሮች ከየት አመጣለሁ?

ከካታሎግ ሳይሆን ከገንዳ። የሻንጣ ሚዛን ታውቃላችሁ? ያ በእጅ የሚንጠለጠለው። ሙሉውን ዕቃ፣ ሲሊንደሩ ሞልቶ ዊንጉ ግን ባዶ ሆኖ፣ በገመድ አስራችሁ ገንዳው ውስጥ አውርዱት። ገመዱን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሉ። ሚዛኑን ከውሃው በላይ ያዙት። የሚያሳየው ቁጥር ሁለተኛው መልሳችሁ ነው፤ ሌላ ሂሳብ የለውም። ከዚያ ዊንጉን ቀስ እያላችሁ ንፉ። ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ ዜሮ ሲል፣ የሲሊንደሮቹ ቫልቮች ብቻ ከውሃው ብቅ ብለው ታያላችሁ። ያኔ ዊንጉ ገና ግማሽ ከሆነ ትልቅ ነው። ተወጥሮ የግፊት ማስተንፈሻው መተንፈስ ከጀመረና ዕቃው አሁንም ከታች ከሆነ ትንሽ ነው።

ለልብሱም እንዲሁ ነው። ዌት ሱቱን ጠቅልላችሁ በመረብ ቦርሳ አስገቡ፣ ውስጡ የቀረውን አየር እያሻችሁ አስወጡ፣ እስኪሰምጥ ድረስ እርሳስ ጨምሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ እርሳስ ራሱ ውሃ ይገፋል። 10 ኪሎ እርሳስ ውሃ ውስጥ 9.1 ኪሎ ገደማ ነው የሚጎትተው።

ይህ ልብሱ ገጽ ላይ ያለውን ኃይል ይነግራችኋል። ታች ላይ ከዚህ ብዙው ይጠፋል፤ የኒዮፕሪኑ አረፋዎች በግፊቱ ይጨመቃሉ። ስንቱ እንደሚጠፋ እንደ ጨርቁ ዓይነትና ዕድሜ ይለያያል። አሮጌ ዌት ሱት ቀድሞውኑ ተጨምቆ ያለቀ ስለሆነ የሚያጣው ያንሳል። ሙቀቱም እንደዛው ያንሳል፤ ይህ ሌላ ወሬ ነው።

እርሳሴ በትክክል መለካቱን በምን አውቃለሁ?

ይህ ጥያቄ ከዊንጉ መቅደም ነበረበት። «ዊንጌ አነሰኝ» ብሎ ከሚመጣ ሰው ግማሹ የሚያስፈልገው ሌላ ዊንግ ሳይሆን እርሳስ መቀነስ ነው።

3 ሜትር ላይ፣ ሲሊንደሮቹ ወደ 40 ባር ሲወርዱ፣ ዊንጉን አሟጣችሁ አስተንፍሱ። በመደበኛ ትንፋሽ እዛው መቆየት አለባችሁ። ከሰመጣችሁ እርሳስ በዝቷል። ወደ ላይ ከሄዳችሁ አንሷል። ስቴጆቹንም ባዶ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ባዶ አሉሚኒየም ይንሳፈፋልና ሂሳቡን ይለውጠዋል። አንድ ኪሎ ትርፍ እርሳስ አንድ ሊትር ትርፍ ጋዝ ዊንጉ ውስጥ እንድትሸከሙ ያደርጋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የሚለጠጥ ጋዝ ማለት ይኸው ነው።

ዊንጉ ታች ላይ ቢቀደድስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ከላይ ወዳሰላነው እንመለስ። 40 ሜትር ላይ፣ ጠልቆው ገና ሲጀመር፣ 15 ኪሎ ከብዳችኋል። ዊንጉ አሁን የለም። 15 ኪሎ በእግሩ እየገፋ ከ40 ሜትር የሚወጣ ሰው አላየሁም። ጥቂት ኪሎ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ይቻላል። ሙሉ ስቴጆቹን ለጓደኛችሁ ብትሰጡ 3 ኪሎ ብቻ ነው የምትቀንሱት፤ 12 ይቀራል። አሁንም የማይሆን ነው።

ልብ በሉ፣ ዊንጉ በልኩ ነው የተመረጠው። ሂሳቡም ትክክል ነው። ችግሩ ዕቃው ራሱ፣ የብረት መንታ ከወፍራም ዌት ሱት ጋር፣ አብሮ የማይሄድ መሆኑ ነው። ትልቅ ዊንግ ይህን አይፈታም፤ የተቀደደ 45 ሊትር ከተቀደደ 18 ሊትር አይሻልም።

መፍትሔው ጥምረቱን መለወጥ ነው። ዌት ሱት ከሆነ፣ ሲያልቁ ቀለል የሚሉትን የአሉሚኒየም መንታ ያዙ። ከዚያ የሚያስፈልጋችሁን እርሳስ ከፊሉን የሚጣል አድርጉት። ግን ሁሉንም አይደለም። ዴኮ ያለበት ሰው እርሳሱን ሁሉ ጥሎ ማረፊያ ላይ መቆም አይችልም፤ ከመስጠም አምልጦ ሽቅብ ይተኮሳል። ብረት መንታ ከሆነ ደግሞ ድራይ ሱት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባውን ልብስ፣ ልበሱ። ድራይ ሱቱ ውስጥ ጋዝ መጨመር ስለሚቻል ሁለተኛ ማንሳፈፊያ ይሆናል። ለመንሳፈፍ ምቹ አይደለም፣ አንገትና እጅ ላይ ያመልጣል፣ ግን ያወጣችኋል።

ድራይ ሱት ካለኝ ትንሽ ዊንግ ይበቃኛል ማለት ነው?

አንድ ተራ ሒሳብ ይቀርላችኋል፤ ልብሱ አይጨመቅም፣ ጋዝ ትጨምሩበታላችሁና። ግን ሌላ ይመጣል። ድራይ ሱቱ ውሃ ቢያስገባስ? ከውስጥ ልብሱ ጋር ያለው ጋዝ ይወጣል፣ በእሱ ፈንታ ዊንጉ መሸከም አለበት። የገባው ውሃ ራሱ ውሃ ውስጥ አይከብድም፤ የሚከብደው መሰላሉን ስትወጡ ነው። ጋዙም ሁሉ አያመልጥም፣ ቀዳዳው እግር ላይ ከሆነ ትከሻና ደረት ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ፣ በወፍራም የውስጥ ልብስ የሚጠልቁ ሰዎች ከሌላው ከፍ ያለ ዊንግ የሚይዙት። እኔ የምለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብልሽት ብቻ አስቡ። ዊንጉም ተቀዶ ድራይ ሱቱም ውሃ ገብቶበት ከተባለ ማቆሚያ የለውም።

ትሪሚክስ ስጠቀም ቁጥሩ ይለወጣል?

ይለወጣል፣ ለእናንተ በሚጠቅም መንገድ። ትሪሚክስ የኦክስጅን፣ የናይትሮጅንና የሂሊየም ድብልቅ ነው፤ ሂሊየም ደግሞ በጣም ቀላል ነው። 18 በመቶ ኦክስጅንና 45 በመቶ ሂሊየም ያለው ድብልቅ በሊትር 0.75 ግራም ገደማ ነው። ያው መንታ 12፣ ያው 200 ባር፣ ጋዙ 5.8 ኪሎ መሆኑ ይቀርና 3.6 ይሆናል። ከ2 ኪሎ በላይ ቀነሰ። ግን ዊንጉን በዚህ አታሳንሱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሲሊንደር አየር ትሞሉት ይሆናል።

እርሳሱ ላይ ለውጥ ይኖር ይሆን? እምብዛም። እርሳስ የሚለካው ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

ገበያ ላይ የተለመዱት መጠኖች ለማን ናቸው?

ከ13 እስከ 16 ኪሎ ያሉት ለአንድ ሲሊንደር ናቸው። 18 ኪሎ አካባቢ ያሉት ለአሉሚኒየም መንታና ቀለል ላለ የብረት መንታ። ከ20 እስከ 27 ለከባድ የብረት መንታ፣ ለስቴጅና ለቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አላየሁም። ቅርጹንም ተመልከቱ፤ ለአንድ ሲሊንደር የተሠራ ጠባብ ዊንግ መንታው ስር ሲገባ ይቆነጠጣል፣ የተጻፈበትን ያህልም አይነፋም።

ባለ ሁለት ከረጢት ዊንግ ልግዛ?

ዌት ሱትን ከብረት መንታ ጋር መጠቀም ግድ ለሆነባችሁ፣ አዎ። ድራይ ሱት ላላችሁ፣ እኔ አልገዛም። ሁለተኛው ከረጢት ሁለተኛ ኢንፍሌተር፣ ሁለተኛ ቱቦና ሁለተኛ ማስተንፈሻ ይዞ ይመጣል። ኢንፍሌተሩ በቀስታ ቢያፈስ፣ የማታዩት ከረጢት ዝም ብሎ ይሞላል። እናንተ የመጀመሪያውን እያስተነፈሳችሁ «ለምን እወጣለሁ?» ትላላችሁ። የገዛችሁ ደግሞ ሁለቱን ቱቦ በእጃችሁ ብቻ፣ ሳታዩ፣ መለየት እስክትችሉ ተለማመዱ።

ዙሪያውን ላስቲክ ያለው ዊንግስ?

ላስቲኩ ትልቁን ዊንግ ሰብስቦ ትንሽ ለማስመሰል ነው። ታዲያ ከመጀመሪያው ትንሹን ለምን አትገዙም? በዚያ ላይ ቀዳዳ ካለ ላስቲኩ ጋዙን እየጨመቀ ያስወጣዋል፤ በአፍ መንፋትም ይከብዳል።

ከባህር ወደ ሐይቅ ስሄድ?

እናንተና ዕቃው ባንድ ላይ 130 ኪሎ ከሆናችሁ፣ ሐይቅ ውስጥ 3 ኪሎ ያህል ትከብዳላችሁ። ይህ የእርሳስ ጉዳይ ነው፤ 3 ኪሎ አውጡ። ዊንጉን አትንኩት።

ሳይድማውንትና ሪብሪዘርስ?

ሂሳቡ ያው ነው። ሲሊንደሮቹ ጎን ላይ በሚታሰሩበት በሳይድማውንት የሚጨመረው፣ ጋዙ የት እንደሚቀመጥ ማየት ነው፤ ወገብ ላይ ካልሆነ እግር ይሰምጣል። የተነፈሱትን ጋዝ አጥርቶ በሚመልሰው በሪብሪዘር ላይ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ሲሊንደሮቹን ክብደት መቁጠር አትርሱ። እነሱ ብዙ ጊዜ ሳይነኩ ሙሉ ሆነው ነው የሚመለሱት።

ያገለገለ ዊንግ ልግዛ? ምን ልይ?

ጥርቅም አድርጋችሁ ንፉትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ጠዋት ለስልሶ ካገኛችሁት ያፈሳል። ገንዳ ውስጥ አስጥማችሁ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እዩ፤ ከቫልቭ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከስፌቱ ከሆነ ተዉት። የማስተንፈሻውን ገመድ ሳቡና ልቀቁ፣ ወዲያው መዘጋት አለበት። የኢንፍሌተሩን ቁልፍ ብዙ ጊዜ ተጫኑ፤ ጨው ከያዘው ሲመለስ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ የደረቀ ጨው ካለ እንደ አሸዋ ሲንሿሿ ትሰሙታላችሁ።